ገባ ማለት ልክ ነው ማለት አይደለም

ጎማ ሻጭና ጎማ ገዢ ስለ ልክ የሚያወሩት እጅግ አጭር ነው። «የስንት ነው?» ይላል ሻጩ። «የ14» ይላል ገዢው። አለቀ። ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ክርክር ሁሉ ስለ ብር ነው፤ «የመጨረሻውን ንገረኝ»፣ «ለአንተ ስል ነው»፣ «ሌላ ሱቅ ጠይቀህ ተመለስ» ሲባባሉ ግማሽ ቀን ሊያልቅ ይችላል። መርካቶ ውስጥ ከአሮጌ ጎማ የሚሠራውን በረባሶ የሚገዛ ሰው እንኳ እግሩን ከትቶ፣ ጣቱ ከፊት ማለፉን አይቶ፣ ሁለት ሦስት እርምጃ ተራምዶ ነው እጁን ወደ ኪሱ የሚሰደው። ያው ጎማ በረባሶ ከመሆኑ በፊት፣ አምስት ሰው ተሸክሞ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሊሮጥ ሲሸጥ ግን ልኩ በአንዲት ቁጥር ይታለፋል። ጎማው ቸርኬው ላይ ከገባ፣ ነፋስ ከያዘና ከዞረ፣ ልክ ነው ይባላል። የዚህ ወግ ክርክር እዚህ ላይ ነው፦ መግባት የጎማ ልክ ማስረጃ አይደለም።

«የ14» የሚለው መልስ በራሱ ስህተት የለበትም፤ ችግሩ የጎማውን ልክ አለመናገሩ ነው። 14 የቀዳዳው ልክ ነው። ቸርኬው የሚቀመጥበትን ክፍት ቦታ በኢንች ይነግረናል እንጂ በቀዳዳው ዙሪያ ያለው ላስቲክ ምን ያህል እንደሚሰፋና ከፍ እንደሚል አንዳች አይልም። ሙሉው ልክ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል፤ ብዙ የቶዮታ ያሪሶችና ቪትዞች ላይ 175/65 አር 14 የሚል ይነበባል። 175ቱ የጎማው የጎን ለጎን ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር። 65ቱ ግን ሚሊ ሜትርም ኢንችም አይደለም፤ የጎማው ግድግዳ ቁመት ከስፋቱ 65 በመቶ ነው ማለት ነው፣ ወደ 114 ሚሊ ሜትር ገደማ። «አር» ደግሞ ብዙዎች እንደሚያስቡት «ሪም» ሳይሆን ራዲያል የሚባለው አሠራር ምልክት ነው፤ ሚሽሊን እ.ኤ.አ. በ1946 የባለቤትነት መብት አውጥቶበት በ1949 ለገበያ ያቀረበው። እንግዲህ በአንድ መስመር ላይ ሚሊ ሜትር፣ መቶኛና ኢንች ተሰልፈዋል። ይህን ቅይጥ ሊያጠራ የሞከረ አልጠፋም፤ ያው ሚሽሊን እ.ኤ.አ. በ1975 ቲአርኤክስ የሚባል፣ ቸርኬውም ጭምር በሚሊ ሜትር የሚለካ ጎማ አውጥቶ ነበር። ከራሱ ልዩ ቸርኬ በቀር ሌላ ላይ አይገባምና ዓለም ኢንቹን ይዞ ቀጠለ። «ይገባል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ትልልቁን ኩባንያም ያሸንፋል ማለት ነው፤ እኛ ብቻ አይደለንም።

አሁን ትንሽ ስሌት፤ ከአራተኛ ክፍል አያልፍም። የጎማውን ሙሉ ቁመት ለማግኘት ግድግዳውን ሁለት ጊዜ፣ ቀዳዳውን አንድ ጊዜ መደመር ነው። 14 ኢንች 355.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ 175/65 አር 14 እንግዲህ ከመሬት እስከ አናቱ 583 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ሻጩ «እሱ አልቋል፣ ይኼም የ14 ነው» ብሎ የሚያቀርበው 185/70 አር 14 ሲሰላ ወደ 615 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሁለቱም «የ14» ናቸው፤ ሁለቱም ቸርኬው ላይ ይገባሉ፤ ልዩነታቸው ግን ከሦስት ሴንቲ ሜትር በላይ፣ 5.4 በመቶ ነው። የመጀመሪያው አንድ ኪሎ ሜትር ለመጨረስ 546 ጊዜ ይዞራል፣ ሁለተኛው 518 ጊዜ። መኪናው ደግሞ መንገዱን አያይም፤ የሚያውቀው ዙር መቁጠር ብቻ ነው። የፍጥነት መለኪያው፣ የተጓዘውን ኪሎ ሜትር የሚመዘግበው ቆጣሪ፣ ጎማ እንዳይነክስ ፍሬኑን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር፣ ሁሉም ፋብሪካው «አንዱ ዙር ይህን ያህል ነው» ያላቸውን አምነው ይኖራሉ። ጎማው ሲያድግ የነገራቸው የለም። አሽከርካሪው በአዳማው የፍጥነት መንገድ ላይ መርፌው 100 ላይ ቆሞለት በሕግ አክባሪነቱ ሲኮራ፣ መኪናው በ105 እየሄደ ነው። 100,000 ኪሎ ሜትር የሮጠ መኪናም ቆጣሪው ላይ 94,900 ገደማ ያሳያል። መኪናውን ለመሸጥ ያሰበ ሰው ይህን እንደ ቅሬታ ላያየው ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ ተከራካሪ ብድግ ይላል፦ «የፍጥነት መለኪያ መቼም እውነት ተናግሮ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ጨምሮ ነው የሚያወራው። ትልቁ ጎማ እንዲያውም ውሸቱን ያርምልኛል!» ተከራካሪው መሠረት አለው። በተባበሩት መንግሥታት ማዕቀፍ የወጣው 39ኛው የተሽከርካሪ ደንብ መለኪያው ከእውነተኛው ፍጥነት በታች እንዳያሳይ አጥብቆ ሲከለክል፣ በላይ እንዲያሳይ ግን ይፈቅዳል፤ ጣሪያውም የፍጥነቱ 10 በመቶና 4 ኪሎ ሜትር ነው። በእውነት 100 የሚሄድ መኪና እስከ 114 ቢያሳይ በሕግ አይጠየቅም። ነገር ግን የእርስዎ መኪና ከዚህ ውስጥ ስንቱን እንደሚያጋንን የሚያውቅ የለም፤ አንዱ በሁለት፣ ሌላው በሰባት ይጨምራል። የማያውቁትን ስህተት በሌላ ስህተት ማረም ደግሞ ሲሳካ እንኳ መሳካቱ አይታወቅም። ከዚያም በላይ መለኪያው ቢታረም ሞተሩ አይታረምም፤ ዋናው ጉዳይም እሱ ነው።

አንድ ሊትር ሞተር ያላት ቪትዝ ከፋብሪካ ስትወጣ ወደ 70 የፈረስ ጉልበት አላት። ይህ ግን ባሕር ዳርቻ የተቆጠረ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ አየር ባነሰው ልክ ጉልበቱ ያንሳል። ስለዚህ ከ70ዎቹ ፈረሶች 14 ያህሉ ከተማዋ እንደገቡ ትንፋሽ አጥሯቸው ተኝተዋል። ቀሪዎቹ 56 ናቸው ቤተሰቡን፣ ቅርጫቱንና ጀርባ ላይ የተጫነውን ዱቄት ይዘው የእንጦጦን ዳገት የሚወጡት። በዚህ ላይ ጎማውን በ5.4 በመቶ ሲያሳድጉት በእያንዳንዱ ማርሽ መሬቱን የሚገፋው ኃይል በ5 በመቶ ይቀንሳል፤ ትልቅ ጎማ ረዥም ማርሽ ማለት ነውና። ቀድሞ በሁለተኛ የሚወጣው ዳገት አንደኛ ይጠይቃል። ባለቤቱ «ሞተሩ ደክሟል» ብሎ ሻማ ያስቀይራል፣ የነዳጅ ማጣሪያ ያስቀይራል፣ ነዳጅ ማደያውን ውሃ ቀላቅሏል ብሎ ይጠረጥራል። ቁልቁለቱ ደግሞ የራሱ ሒሳብ አለው፤ ፍሬኑ የተሠራው ለትንሹ ጎማ ስለሆነ ለተመሳሳይ ማቆም ፔዳሉን ያንኑ 5 በመቶ አጠንክሮ መርገጥ ይጠይቃል። አምስት በመቶ ትንሽ ይመስላል። ከእንጦጦ ወደ ታች ተጭኖ ለሚወርድ መኪና ግን ትንሽ አይደለም።

ከሁሉም የሚጠነክረው ተቃውሞ የመንገዱ ነው፤ በቀላሉ ሊታለፍም አይገባም። «መንገዳችንን ታውቀዋለህ፤ ጉድጓዱን፣ ኮብል ስቶኑን፣ ሰፈርተኛው በራሱ ሲሚንቶ የሠራውን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ። መኪናዋ ትንሽ ከፍ ካላለች ሆዷን ትፋቃለች» ይባላል። እውነት ነው፣ ትፋቃለች። ግን ጎማ ሲያድግ መኪናው የሚነሳው የልዩነቱን ግማሽ ብቻ ነው፤ ሌላው ግማሽ ከእምብርቱ በላይ ወደ ፓራፋንጎው ነው የሚያድገው። ከ175/65 ወደ 175/70 የዘለለ ሰው መኪናውን ያነሳው 9 ሚሊ ሜትር እንኳ ሳይሞላ ነው፤ እስከ 185/70 የደፈረውም 16 ሚሊ ሜትር አያልፍም። በሰፈርተኛ ሲሚንቶ የተሠራ ጉብታ በሚሊ ሜትር አይደራደርም። ወደ ላይ የሄደው ግማሽ ግን ሥራ አይፈታም፤ መኪናዋ ሞልታ መሪው እስከ ዳር ሲጠመዘዝ ፓራፋንጎውን መላስ ይጀምራል፤ ያ «ፍርርር» የሚል ድምፅ ከየት እንደመጣ ሲፈለግ ሳምንት ያልፋል። ከፍታ የፈለገ ሰው የሚያገኘው ከስፕሪንግና ከሾክ አብዞርበር ነው፤ ጎማ ለዚህ ሥራ የሚሰጠው ጥቂት፣ የሚያስከፍለው ብዙ ነው።

ሆኖም የመንገዱ ተከራካሪ አንድ ነገር ላይ ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው፤ ለመጥፎ መንገድ ወፍራም ግድግዳ ይሻላል። ጉድጓዱን የሚውጠው ብረቱ ሳይሆን በብረቱና በጉድጓዱ መካከል ያለው ላስቲክና ነፋስ ነውና። ስለዚህ እርሱን ስንወቅስ በተቃራኒው አቅጣጫ የሄደውን፣ የባሰውን ሰው ልናልፈው አይገባም፦ ቪትዟ ላይ የሚያብረቀርቅ የ16 ቸርኬ አስገጥሞ 195/45 ያለበሳትን። ይህ ሰው ስሌቱን ሠርቷል፤ ጎማው 582 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከዋናው ልክ በአንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ይለያል። የፍጥነት መለኪያው ልክ ይናገራል፣ ማርሹም አይታማም። ግድግዳው ግን ከ114 ወደ 88 ሚሊ ሜትር ወርዷል። ለስላሳ አስፋልት ላይ ያምርበታል፤ ክረምት ላይ ውሃ የሞላው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ግን ቸርኬው ይጣመማል፣ ጎማው ጎኑ ላይ እብጠት ያወጣል። ቁመቱ ስለተስማማ ብቻ ልክ ሆነ ማለት እንግዲህ «የ14 ነው» ከማለት ብዙም አይሻልም።

«ሰፊ ጎማ ይይዛል» የሚለው እምነት ደግሞ ደረቅ መንገድ ላይ ጥቂት እውነት አለው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ሰፊ ጎማ የሚገፋው ውሃ ይበዛል፤ ውሃውን መክፈል ሲያቅተው በላዩ ይንሳፈፋል፤ ያኔ መሪው በእጅ ላይ ቀልሎ ይገኛል። ስፋቱ ለመሪ ክብደትና ለነዳጅ የሚያስከፍለውም አለ። ከዚህ በላይ ቀለም አይገባውም።

ቀለም የሚገባው ማንም የማያነበው ቁጥር ነው። ከልኩ ቀጥሎ 82 ኤች፣ 91 ቪ እየተባለ የሚጻፈው። ፊደሉ የፍጥነት ጣሪያ ነው፤ ኤች እስከ 210 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይፈቅዳል። መኪናው ከሚጠይቀው ያነሰ ፊደል መግዛት አይገባም፤ ግን ፊደሉን ለጊዜው መንገዱና ትራፊክ ፖሊሱ ይጠብቁልናል። ቁጥሩ ነው የሚያሳስበው፤ የአንዱ ጎማ የመሸከም አቅም ነውና። 82 ማለት 475 ኪሎ፣ 91 ማለት 615 ኪሎ ነው። አሁን ሁለት ጎማ ጎን ለጎን እናቁም። አንዱ 195/65 አር 15 ነው፣ ብዙ የቤት መኪና የሚያደርገው፤ አቅሙ 91። ሌላው 195 አር 15 ሲ ነው፤ «ሲ» የንግድ ተሽከርካሪ ምልክት ናት፤ አቅሙ 106፣ ማለትም ለብቻው 950 ኪሎ ይሸከማል። ሁለቱም 195 ናቸው፣ ሁለቱም «የ15»። ግድግዳቸው ግን አንድ አይደለም፤ አቅማቸውም በአንድ ጎማ ከ300 ኪሎ በላይ ይራራቃል። የመጀመሪያው ርካሽ ስለሆነ ብቻ የሚኒባስ ቸርኬ ላይ ሲገባ ማንም አይከለክለውም፤ ይገባል፣ ነፋስም ይይዛል። ከዚያ ሚኒባሱ የወንበሩን ሰው ሞልቶ፣ ትርፍ ጨምሮ፣ ጣሪያው ላይ ሁለት ኩንታል ጭኖ ወደ ቆላ ይወርዳል። አቅሙ ያልቻለ ጎማ ወዲያው አይፈነዳም፤ ግድግዳው በየዙሩ እየታጠፈ ይግላል፣ ሙቀቱ ውስጡን ይለያየዋል፤ የሚፈነዳው አዋሽ ሜዳ ላይ፣ አስፋልቱ ራሱ በጋለበት ቀትር ነው። በማግስቱ የሚወራው «ጎማው የቻይና ነበር» ነው። የየትም አገር ይሁን፣ ጎኑ ላይ 91 ተብሎ ተጽፎ ነበር።

ታዲያ ትክክለኛውን ልክ ማንን እንጠይቅ? ብዙ ሰው ጎማውን ራሱን ይጠይቃል፤ ያለቀውን ጎማ ቁጥር አንብቦ ያንኑ ይገዛል። ያለቀው ጎማ ግን የሚመሰክረው የቀድሞው ባለቤት ስለገዛው ነገር ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ምናልባት «አልቋል፣ ይኼም የ14 ነው» ተብሎ ነበር። በሦስት እጅ ያለፈ መኪና አራት ጎማ በሦስት ልክ አድርጎ ቢገኝ አይገርምም። ጎሚስታውን መጠየቅም አለ። ጎሚስታ ክቡር ሰው ነው፤ በሌሊት ጎዳና ላይ ቀዳዳ የደፈነልንን ሰው ማማት አይገባም። ሆኖም ጎሚስታው የሚያውቀው የሚገባውን ጎማ ነው፣ ሻጩም የሚያውቀው ያለውን። መኪናው የተሠራበትን ልክ የሚያውቀው የሠራው ነው፤ እሱም ደግነቱ ጽፎ ትቶልናል። የሹፌሩን በር ከፍቶ ምሰሶውን ማየት ነው፤ አንዳንድ የአውሮፓ መኪናዎች ላይ የነዳጅ ክዳኑ ውስጥ ይገኛል። ከጃፓን በቀጥታ የመጣ መኪና ላይ ጽሑፉ ጃፓንኛ ነው፤ ቁጥሩ ግን የሁላችንም ነው። የነፋሱም ልክ እዚያው አለ፤ ኪሎ ፓስካል ተብሎ 220 ከተጻፈ በእኛ ሱቆች መለኪያ 32 ነው። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ትልቅ የነፋስ ቁጥር ግን «ከዚህ አትለፍ» ነው የሚለው፤ «እስከዚህ ሙላ» ብሎ ያነበበው ብዙ ነው፣ መኪናውም እንደ ኳስ ሲነጥር «ሾኩ ሞቷል» ይባላል።

የመጨረሻው ተቃውሞ ግን ከመኪናውም ከመንገዱም አይመጣም፤ ከገበያው ነው። «የተጻፈው ልክ የለም፤ ዶላር የለም፤ የገባው ይኼ ነው» ሲባል በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ምን ያደርጋል? እዚህ ላይ ግትርነት አያዋጣም፤ ልኩ ራሱም ግትር አይደለም። ቶዮታ ራሱ አንዳንድ ቪትዞችን በ165/70 አር 14 አውጥቷቸዋል፤ ይህ ከ175/65 በቁመት 0.6 በመቶ ብቻ ይበልጣል፣ ግድግዳውም ትንሽ ወፈር ስለሚል ለኮብል ስቶኑ እንዲያውም ይስማማል። የጎማ ሰዎች የቁመት ልዩነቱን ከ3 በመቶ በታች ይያዙ ይላሉ፤ እኔ እስከ 2 ብቻ እስማማለሁ፣ በተለይ ወደ ላይ ሲሆን፤ ዳገቱ የእኛ ነውና። የማይደራደሩበት ነገር ሁለት ነው፦ የመሸከም ቁጥሩ ከተጻፈው አይውረድ፤ በአንድ አክስል ላይ ያሉት ግራና ቀኝ ጎማዎች ደግሞ አንድ ይሁኑ። ግራው 583፣ ቀኙ 615 የሆነ መኪና ቀጥ ብሎ ሲሄድ እንኳ ዲፈረንሻሉ ኩርባ ላይ ያለ ይመስለዋል፤ ኩርባውም አያልቅም። በአራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ከሆነ አራቱም አንድ መሆን አለባቸው፤ ሥርዓቱ የተሠራው እኩል ለሚዞሩ ጎማዎች ነውና። የኋላው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ያለችው ቀጭኗ ስኮርታ ጎማ ከዚህ ሕግ ነፃ የወጣችው እስከ ጎሚስታው ድረስ ብቻ ነው፤ በላይዋ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ተብሎ የተጻፈው ለዚያ ነው። በእሷ ሁለት ወር የሚዞሩ አሉ፣ እነሱን የሚያስተምር ወግ ገና አልተጻፈም።

ስለዚህ ሱቅ ከመሄድ በፊት ስልክ መደወል ይሻላል። ሲደውሉም «የ14 አለ?» ማለት ሳይሆን ሙሉውን መናገር፦ 175፣ 65፣ 14፣ 82፤ ደግሞም የተመረተበትን፣ «ዶት» ከሚለው መጨረሻ ያሉትን አራት አኃዞች ማስነበብ፤ 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት የወጣ ነው፣ መጋዘን ውስጥ አርጅቷል። ከስልኩ ወዲያ ማዶ ትንሽ ዝምታ ይሆናል፤ ሻጩ ጠያቂው ሰው ነው ወይስ ጉምሩክ ብሎ እያሰበ ነው። ከዚያ «በ175 አልቋል፣ በ185 አለ» ይላል። ስንት በመቶ እንደሆነ መጠየቅ ነው። 60 ካለ ጥሩ፣ አቅሙም 82 ከሆነ ቁመቱ አንድ በመቶ እንኳ አይጎድልምና ስለ ዋጋው መነጋገር ይቻላል። 70 ካለ አመስግኖ ሌላ ሱቅ መደወል ነው።